ሳይናገር የሚናገር ሰው፤ የኤርንስት ሉቢች የሕይወት ታሪክ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ዕድር ደንብ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስለ አንድ የሲኒማ ሰው ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ሲኒማና ዕድር ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ሰውየው ኤርንስት ሉቢች ይባላል። ከሞተ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ በእኛ ሠፈር እንደ ቻርሊ ቻፕሊን አይታወቅ እንጂ በሲኒማ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ታላላቅ ሰዎች እንደ መምህራቸው ያዩታል። ሥራው የፍቅር ፊልም ነበር። የፍቅር ፊልም ሲባል ዛሬ የምናስበው ዝናብ ላይ ቆሞ መጮህን፣ እንባን፣ መሐላን ነው። እኛም በወጣትነታችን በሕንድ ፊልም ያላለቀስን ጥቂቶች ነን። ሉቢች ግን ፍቅርን በሳህን፣ በባርኔጣና በፖስታ ሣጥን ሊናገር ይችል ነበር። እንዴት አድርጎ የሚል ካለ ከሕይወቱ ጋር እያያያዝኩ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ልደቱና አስተዳደጉ

ኤርንስት ሉቢች ጥር 29 ቀን 1892 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ አይሁዳውያን ነበሩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ሲሆን የሴቶች ልብስ የሚሠራበትና የሚሸጥበት ቤት ነበረው። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ልቡ ቴያትር ላይ ነበር። አባት ግን እንደ ማንኛችንም አባት ልጁ ቁም ነገር እንዲይዝለት ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ኤርንስት በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ሱቅ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነ። ቀን ቀን ደብተር ላይ ተደፍቶ ገቢና ወጪ ሲደምር ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ በትናንሽ የቴያትርና የሙዚቃ ቤቶች መድረክ ላይ እየወጣ ሰው ያስቃል።

እዚህ ላይ እኔም የመዝገብ ሰው እንደ መሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። መዝገብ የሚይዝ ሰው ብዙ አይናገርም፤ ግን ብዙ ያያል። ማን አርፍዶ እንደሚገባ፣ ማን ደመወዙ ሳይደርስ ብድር እንደሚጠይቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ ሁሉም በጠረጴዛው ፊት ያልፋል። ሉቢችም በዚያ ሱቅ ውስጥ ሻጩንና ገዢውን፣ አለቃውንና ተላላኪውን እያየ አደገ ማለት ነው። ያየው ነገር ሁሉ በኋላ እንደ ጠቀመው ወደ ፊት እንመለከታለን።

በ1911 ቪክቶር አርኖልድ የተባለ የቀልድ ተዋናይ፣ ማክስ ራይንሃርት ከሚባለው በዘመኑ በጀርመን አገር ስሙ ከገነነው የቴያትር አዘጋጅ ጋር አገናኘው። በዚያም ትንንሽ ክፍሎች እየተሰጡት ይጫወት ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ወደ ፊልም ገባ። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ ሉቢች ራሱ የሚጫወተው ነገረኛና ቀልደኛ የሱቅ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። በ1916 የሠራው አንዱ ፊልም በጫማ ሱቅ ውስጥ የሚሆን ታሪክ ነው። በኋላ መጫወቱን ትቶ ወደ አዘጋጅነቱ አመዘነ። በ1919 ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ ወዳጅ ስለ ማዳም ዱባሪ የሠራው ትልቅ ፊልም ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰና ስሙን አስጠራለት።

ወደ አሜሪካ መሻገሩ

በ1922 በዘመኑ እጅግ ዝነኛ የነበረችው ተዋናይት ሜሪ ፒክፎርድ ፊልም እንዲሠራላት አስጠራችውና ወደ ሆሊውድ ሄደ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነበር፤ የጀርመን አነጋገሩም እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም። ነገር ግን ድምፅ በሌለው ፊልም ቋንቋ ምን ያደርጋል።

በ1923 ቻርሊ ቻፕሊን «የፓሪስ ሴት» የሚባል ፊልም አወጣ። ቻፕሊን በዚህ ፊልም ውስጥ እንደ ልማዱ በትርና ቆብ ይዞ አይጫወትም፤ ያዘጋጀው ግን እሱ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት በጣቢያ ቆማ ባቡር ትጠብቃለች። ባቡሩን ግን አናየውም፤ የመስኮቶቹ ብርሃን በፊቷ ላይ እየበራና እየጠፋ ሲያልፍ ብቻ እናያለን። በሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ወጣት ጥንት ይወዳት የነበረችውን ሴት ሊጠይቅ ቤቷ ይመጣል። ሠራተኛዋ መሳቢያ ስትከፍት የወንድ ሸሚዝ ኮሌታ ወደ መሬት ይወድቃል። ሌላ ሰው እንዳለ ወጣቱ ያወቀው በዚያች ኮሌታ ነው። ማንም ምንም አልነገረውም። ሉቢች ይህን ፊልም እጅግ አደነቀ።

በዓመቱ በ1924 «የጋብቻ ክበብ» የሚባለውን ፊልም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሠራዊትና ቤተ መንግሥት ማሳየቱን እየተወ ወደ ሳሎን፣ ወደ በር፣ ወደ ደረጃ፣ ወደ ሰው ዓይን ዞረ። በ1925 ደግሞ የኦስካር ዋይልድን «የሌዲ ዊንደርሚር ማራገቢያ» የተባለ ቴያትር ወደ ፊልም አዞረ። ይህ ቴያትር የታወቀው በንግግሩ ጨዋታ ነው። ሉቢች ያን የታወቀ ንግግር ሁሉ ትቶ ታሪኩን በአስተያየትና በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ተናገረው። ሰውም ገባው።

ዘዴው ምን ነበር

ፊልም ጸሐፊዎች የሉቢችን አሠራር የሉቢች እጅ ያለበት እያሉ ይጠሩታል። ነገሩን በእኛ አነጋገር ላስረዳ። አባቶቻችን ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይላሉ። የሉቢች ዘዴ ይኸው ነው። ተመልካቹን እንደ ብልህ ቆጥሮ ነገሩን ሳይጨርስ ይተውለታል። በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ስናገር ሁለትን ይጽፋል፣ እንደገና ሁለትን ይጽፋል፣ ድምሩን የሚያወጣው ተመልካቹ ነው። ራሱ የደመረውን ድምር ደግሞ ሰው አይረሳውም።

ብዙ ጊዜ በር ይዘጋብንና ከውጭ እንቀራለን። ውስጥ ምን እንደ ተደረገ የምናውቀው ማን እንደ ገባ፣ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል አይተን ነው። ከ1934 ጀምሮ የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በወንድና በሴት መካከል ያለውን ነገር በግልጽ እንዳያሳዩ ጥብቅ ደንብ ተጣለባቸው። ብዙዎቹ ተቸገሩ። ሉቢች ግን ደንቡ ሳይመጣም መሸፋፈን ልማዱ ስለ ነበረ እንደ ሌሎቹ አልከበደውም።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን ያስደነቀኝ በ1937 በሠራው «መልአክ» በተባለው ፊልም ውስጥ ያለው ነው። አንዲት ባለትዳር ሴት ባሏ በሥራ ተጠምዶ ስለ ረሳት በስውር ወደ ፓሪስ ትሄዳለች። በዚያም ስሟን ሳትነግረው ከአንድ ሰው ጋር ትተዋወቃለች። ከጊዜ በኋላ ባልየው ሳያውቅ ያንኑ ሰው ምሳ ጋብዞ ቤቱ ያመጣዋል። ሦስቱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። ምን ተባባሉ? እንዴት ተያዩ? ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ይህን ያሳየን ነበር። ሉቢች ግን ወስዶ አገልጋዮቹ ዘንድ አስቀመጠን። የጥጃ ሥጋ የቀረበባቸው ሳህኖች ከምግብ ቤቱ ተመለሱ። የእመቤቲቱ ሳህን ጨርሶ አልተነካም። የእንግዳው ሥጋ በቢላዋ ተከታትፏል፤ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልተበላም። የባልየው ሳህን ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል። አገልጋዮቹ ሥጋው ምን ሆኖ ይሆን ብለው ይጨነቃሉ። እኛ ግን ሁሉን አወቅን። ሁለቱ እንደ ታወቁ፣ እንደ ደነገጡ፣ ባልየው ደግሞ ምንም እንዳልጠረጠረ ሦስት ሳህን ነገረን።

ይህን ፊልም ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በልጄ ኮምፒውተር ነው። እንግሊዝኛዬ ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የተረፈ ስለሆነ ንግግሩ ብዙውን ያመልጠኛል። ሳህኑ ግን አላመለጠኝም። እንግዳ ተቀብላ የምታውቅ የሠፈራችን እናት ሁሉ የተመለሰ ትሪ አይታ ምን እንደ ተደረገ ታውቃለች። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ገበያ እንዳልቀናው ይነገራል። ጥሩ ነገር ሁሉ በጊዜው አይታወቅምና አይገርምም።

በ1939 ደግሞ ግሬታ ጋርቦ የተጫወተችበትን «ኒኖችካ»ን ሠራ። ኒኖችካ በመንግሥት ሥራ ከሞስኮ ወደ ፓሪስ የተላከች፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት። ገና እንደ ደረሰች በሱቅ መስኮት አንድ የሚያስቅ ባርኔጣ ታይና ይህን በራሳቸው ላይ የሚደፉ ሰዎች አይበረክቱም በሚል ስሜት ትንቀዋለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ባልደረቦቿን ከክፍሏ አስወጥታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ከመሳቢያ ውስጥ ያንኑ ባርኔጣ በስውር አውጥታ በመስታወት ፊት ትደፋዋለች። መውደዷን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም የተናገረች አይመስልም። ባርኔጣው ግን መሰከረባት።

አገሩን ማጣቱና የልጁ መትረፍ

ሕይወቱ ግን እንደ ፊልሞቹ የተቃና አልነበረም። በ1922 ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱ ለብዙ ዓመት ፊልም ሲጽፍለት ከነበረው ከቅርብ ወዳጁ ጋር በመዋደዷ በ1930 ተፋቱ። የሌላውን ሰው ትዳር በአንድ ኮሌታና በአንድ ሳህን ያነበበ ሰው የራሱ ቤት ላይ የደረሰውን እንዴት ቻለው ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛም አግብቶ ነበር፤ እርሱም አልሰነበተም። የተረፈችው በ1938 የተወለደችው አንድ ሴት ልጁ ናት።

በጀርመን አገር የናዚ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1935 ዜግነቱን ገፈፈው። የተወለደባት ከተማ ልጄ አይደለህም አለችው ማለት ነው። በዓመቱ በ1936 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ።

መስከረም 1939 ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ደረሰበት። ዓመት ያልሞላት ልጁ ከሞግዚቷ ጋር አቴኒያ በምትባል መርከብ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ እየተጓዘች ነበር። እንግሊዝ ጦርነት ባወጀችበት በዚያው ቀን፣ መስከረም 3፣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አቴኒያን መትቶ አሰጠማት። ከመቶ ሰው በላይ አለቀ። ሕፃኗና ሞግዚቷ ግን ተረፉ። አባት የሆነ ሁሉ ዜናው ሰምቶ ስሟን ከተረፉት መዝገብ ውስጥ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን ሰዓት ያስበው።

የማዕዘኑ ሱቅ

ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ሳይቆይ የሠራው ፊልም «የማዕዘኑ ሱቅ» ይባላል። በ1940 መጀመሪያ ላይ ወጣ። በእኔ ግምት ከፊልሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ቤተ መንግሥት የለበት፣ መሳፍንት የሉበት፤ በሃንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ በአንድ የቦርሳና የቆዳ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ደመወዝተኞች ታሪክ ነው። መነሻው የሃንጋሪው ደራሲ የሚክሎሽ ላስሎ ቴያትር ሲሆን ለፊልም የጻፈው ሳምሶን ራፋኤልሰን ነው። የአባቱ ሱቅ መዝገብ ያዥ የነበረው ልጅ እነሆ ወደ ሱቅ ተመለሰ።

አልፍሬድ የሱቁ የበላይ ሻጭ ነው። ክላራ አዲስ የተቀጠረች ሻጭ ናት። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እየዋሉ በየቀኑ ይነታረካሉ። የሚገርመው ግን ሁለቱም በየፊናቸው በፖስታ ከማያውቁት ሰው ጋር ይጻጻፋሉ፤ ያን የማያውቁትን ሰውም ወደዋል። የሚጻጻፉት እርስ በርሳቸው መሆኑን አያውቁም።

በቡና ቤት ለመገናኘት ተቀጣጠሩ። ምልክቱ መጽሐፍና የካርኔሽን አበባ ነው። በዚያው ቀን አልፍሬድ ከሥራ ተባረረ። እንዲህ ሆኖ መታየት ስላልፈለገ ወዳጁ ፒሮቪች በመስኮት አጮልቆ እንዲያይለት ለመነው። ፒሮቪች አየ፤ የተቀመጠችው ክላራ ናት። አልፍሬድ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ማንነቱን ግን አልነገራትም። እሷም የምትጠብቀው ሰው መጥቶ እንዳያየው ሰግታ በክፉ ቃል ሸነቆጠችው። ልቧን የሰጠችው ሰው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሏል፤ እሷ በሩን ታያለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ትንሽ ነገር ነው። ፖስታ ቤት ውስጥ የተደረደሩትን ሣጥኖች ከኋላ በኩል እናያለን። አንዲት ጓንት ያጠለቀች እጅ ትገባለች። ሣጥኑን በጣቷ ትዳብሳለች። ደብዳቤ የለም። እጇ ተመልሳ ትወጣና በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የክላራ ፊት ይታያል፤ ባዶውን ሣጥን ታያለች። ከዚያ በቃ። ልቅሶ የለ፣ ዋይታ የለ። በመካከላችን የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ይዞ፣ ከባሕር ማዶ ልጅ ጽፎ ይሆን እያለ ሣጥን ከፍቶ ባዶ ያገኘ ስንት ሰው አለ! ለዚያ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ክላራ በዚሁ ታመመች። አልፍሬድም ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ሹመትም አግኝቶ ሊጠይቃት ቤቷ ሄደ። እዚያው እንደ ተቀመጠ እሱ የጻፈው ደብዳቤ ደረሳት። አልጋዋ ላይ ሆና አነበበችው። ፊቷ በራ፤ በሽታው የጠፋ መሰለ። አልፍሬድ የገዛ ቃሉ ሰው ሲፈውስ ዝም ብሎ ያያል። ፍቅሩን ለመንገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ግን አልተናገረም። በዝምታው ደግሞ በጎ ሰው መሆኑን አወቅነው።

የባለ ሱቁ የአቶ ማቱሼክም ነገር አለ። ሚስቱ ከአንድ ሠራተኛው ጋር እንደ ወደደች ሰምቶ አልፍሬድን የጠረጠረና ያባረረው እሱ ነበር። ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ራሱን ሊገድል ተነሣ፤ ተላላኪው ልጅ ደርሶ አዳነው። ያቺን ሚስት በፊልሙ ሙሉ አንድ ጊዜም አናያትም። ሉቢች ይህን ሲሠራ የራሱን ቤት አስቦ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

በገና ዋዜማ በረዶ እየወረደ ሱቁ ተዘጋ። ማቱሼክ በሩ ላይ ቆሞ የሚወጡትን ሠራተኞች አንድ በአንድ ያነጋግራል። አብሮት ራት የሚበላ ሰው ይፈልጋል፤ ግን አፍ አውጥቶ አይለምንም። ሁሉም የሚሄድበት አለው። በመጨረሻ አዲሱ ተላላኪ ወጣ። በከተማው ዘመድ የሌለው የ17 ዓመት ልጅ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሾርባውን፣ የዝይ ጥብሱን፣ ድንቹን እየዘረዘረ ልጁን ይዞት ሄደ። ብቸኝነት የሚል ቃል አልተነገረም። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

የሁለቱ ፍጻሜስ እንዴት ሆነ ለምትሉ ያላያችሁት እንድታዩት እተወዋለሁ። ታሪኩ በ1998 በኮምፒውተር መልእክት ተለውጦ እነ ቶም ሃንክስ የተጫወቱበት ፊልም ሆኗል፤ ልጆቻችን የሚያውቁት እሱን ነው።

አሟሟቱ

በ1942 በናዚዎች ላይ የሚሳለቅ «መሆን ወይስ አለመሆን» የሚል ፊልም አወጣ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ይቀለዳል ወይ ብለው ብዙዎች ወቀሱት። ዛሬ ግን ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። በ1943 ልቡን ክፉኛ ታመመ። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መሥራት አልቻለም። መጋቢት 1947 ለሲኒማ ላበረከተው አገልግሎት ልዩ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ቀን በልብ ሕመም ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። የጀመረውን ፊልም ሌላ ሰው ጨረሰለት።

ከቀብሩ ሲመለሱ እንደ ደቀ መዛሙርቱ የነበሩት ቢሊ ዋይልደርና ዊሊያም ዋይለር አብረው ይሄዱ ነበር። አንደኛው ሉቢችን በማጣታቸው ሲያዝን፣ ሌላው ፊልሞቹን ማጣታቸው ከዚያ እንደሚብስ ነገረው ይባላል። ዋይልደር ለብዙ ዘመን በቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ሉቢች ቢሆን ይህን እንዴት ይሠራው እንደ ነበር የሚጠይቅ ጽሑፍ ሰቅሎ ይሠራ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን

እንግዲህ ሲኒማና ዕድር ምን አገናኛቸው ወዳልኩት ልመለስ። በለቅሶ ቤት ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ የሚገባ አለ፤ አይነቀፍም፣ ባህላችን ነው። ሌላ ደግሞ አለ። ሌሊት መጥቶ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ማታ ወደ ቤቱ የሚሄድ። ኀዘንተኛው ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ያን ሰው ነው። ሉቢች ያሳየን ፍቅርም እንደዚህ ያለው ነው።

ሁለተኛም፣ አልፍሬድና ክላራ ጎን ለጎን ቆመው ሲሸጡ ሳይተዋወቁ እንደ ቆዩ እኛም በየወሩ ጎን ለጎን ተቀምጠን መዋጯችንን ከፍለን እንለያያለን። ከጎናችን ያለው ሰው ሣጥኑ ባዶ የሆነበት፣ በበዓል ዋዜማ አብሮት የሚበላ ያጣ ሊሆን ይችላል። አይነግረንም፤ ጨዋ ሰው አይናገርም። ማየት የኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ጊዜ ኀዘንተኛ ቤት ስንቀመጥ እንዴት ነህ፣ በረታህ ወይ ብለን ደህና ነኝ የሚለውን መልስ ተቀብለን ብቻ እንዳንነሣ። ወደ ጓዳ የሚመለሰውን ሳህኑንም እንይለት። ሳይነካ ተመልሶ እንደሆነ ያን ዕለት አብረነው እንቆይ።